«አልቀናኝም» ከማለት በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልን። ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር በትር ይዞ የሚመለስ ሰው የሚጠብቀው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ቀናህ?» መልሱም ከሁለት አያልፍም፤ ቀናኝ ወይም አልቀናኝም። ጋዜጦቻችንም ስለ ሐይቁ ሲጽፉ ከአሞራ ገደል የዓሳ ሾርባና ጥብስ ቀጥሎ የሚያነሱት ይህንኑ የዕድል ነገር ነው። እኛ ይህን ደብዳቤ የጻፍን በዕረፍት ሰዓታችን በበትር የምናጠምድ፣ በተለይም ፈረንጆቹ ፍላይ በሚሉት በላባ መንጠቆ የምንጠቀም የከተማው ነዋሪዎች ነን። «አልቀናኝም» የሚባልባቸው አብዛኞቹ ቀናት ምክንያታቸው የሚታወቅ፣ የሚታረምም ነው። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ግን ወይ በትሩን ቆጥ ላይ ይሰቅላል፣ ወይ «ሐይቁ ዓሳ አልቆበታል» እያለ ያወራል። ለአንባቢያችሁ ይጠቅማል ያልነውን ከዚህ በታች አስፍረናል፤ ረዘም ቢልም ሳይቆራረጥ ቢወጣልን ደስ ይለናል።

አስቀድሞ ላባ መንጠቆ ምን እንደሆነ እናስረዳ። በተለመደው የበትር ማጥመድ ቀጭኑን ናይለን አርቆ የሚወስደው ክሩ ላይ የታሰረው እርሳስ ነው። ላባ መንጠቆ ግን ክብደት የለውም፤ ላባና ሱፍ የተጠመጠመበት ትንሽ መንጠቆ ነውና በእጅ ቢወረውሩት እግር ሥር ይወድቃል። ርቀቱን የሚሰጠው ወፍራሙ፣ በፕላስቲክ የተለበጠው ክር ራሱ ነው። ክሩ በአየር ላይ ወደ ኋላ ተዘርግቶ፣ ተመልሶ ወደ ፊት ሲዘረጋ መንጠቆውን ተሸክሞት ይሄዳል። ለሐዋሳ ሐይቅ 2 ሜትር ከ70 የሚሆን በትርና 5 ወይም 6 ቁጥር ክር ይበቃል። አምባዛ የሚባለውን ትልቅ ዓሳ ለሚፈልግ 8 ቁጥር ይሻላል። በትሩ ላይ የተጻፈው ቁጥርና የክሩ ቁጥር ካልተመሳሰሉ ግን የቱንም ያህል ቢለማመዱ አይሆንም፤ ክሩ በጣም ከቀለለ በትሩ አይታጠፍም፣ በትሩ ካልታጠፈ ደግሞ ክሩን የሚገፋ ኃይል የለም። ሁለተኛ እጅ ዕቃ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ይሁን።

አሁን ወደ ዓሳው። ሐይቁ ውስጥ ያሉት የዓሳ ዝርያዎች ስድስት ሲሆኑ ሦስቱ ጥቃቅን ናቸው፤ በትር የያዘ ሰው የሚያገኛቸው ቆሮሶ (ቲላፒያ)፣ አምባዛና ቢልጫ ናቸው። የሦስቱ አበላል ፈጽሞ አይገናኝም። «ዓሳ አጠምዳለሁ» ብሎ ብቻ የሚወጣ ሰው ግማሹን ቀን የሚያባክነውም በዚህ ነው፤ የትኛውን ዓሳ እንደሚፈልግ ሳይወስን አንድ ዓይነት መንጠቆ ሦስቱም ወዳሉበት ውኃ ይወረውራል።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚያማርረው ቆሮሶን ነው። ጠዋት በሐይቁ ዳር ሲሄዱ በጉልበት ልክ ውኃ ውስጥ ቆሮሶ በመንጋ ሲዞር ይታያል፤ ያማረ ላባ መንጠቆ አፍንጫው ላይ ያልፋል፣ ዞር ብሎ እንኳ አያየውም። ሰውዬው ዕድሉን ይረግማል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ ያደገ ቆሮሶ በአብዛኛው የሚበላው ውኃውን አረንጓዴ የሚያስመስሉትን በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ዕፅዋት ነው። ነፍሳትና ትንንሽ የውኃ እንስሳት የሚያሳድደው ገና ጫጩት ሳለ ነው። ስለዚህ ዝንብ የሚመስል መንጠቆ ለትልቅ ቆሮሶ ማቅረብ ለሚጾም ሰው ክትፎ እንደማቅረብ ነው፤ ምግቡ ጥሩ ነው፣ የሚበላው ግን አይደለም።

ለቆሮሶ የሚሠራው አረንጓዴው ሱፍ ነው። አሠራሩ ቀላል ስለሆነ በዝርዝር እንጽፈዋለን። 12 ቁጥር መንጠቆ ይወሰድና በፒንሳ ይያዝ፤ የፒንሳው እጀታ ላይ ላስቲክ ቢጠመጠምበት ለብቻው ጨምድዶ ይይዛል፣ ሁለት እጅም ነፃ ይሆናል። አረንጓዴ ወይም ጥቁር የስፌት ክር ከመንጠቆው ቀዳዳ ጀርባ ጀምሮ እስከ መታጠፊያው ድረስ ጥብቅ ተደርጎ ይጠምጠም። ባዶ ብረት ላይ የታሰረ ሱፍ ይሽከረከራልና ይህ የመጀመሪያ ጥምጥም አይዘለል። መታጠፊያው ላይ ሲደረስ ከአሮጌ ሹራብ የተፈታ የወይራ ቅጠል ዓይነት አረንጓዴ ሱፍ ሁለት ሦስት ዘለላ ይታሰር። ከዚያ ሱፉ እየተጠመጠመ ወደ ፊት ይምጣና ከቀዳዳው 2 ሚሊ ሜትር ሲቀር ይቁም። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሱፉን እስከ ቀዳዳው ጫፍ ይሞላዋል፣ በኋላ ሐይቁ ዳር ቆሞ ናይለኑን የሚያስገባበት ያጣል። ክሩ በሦስት አራት ቋጠሮ ታስሮ ይቆረጥና አንድ ጠብታ የጥፍር ቀለም ጠብ ይበልበት፤ አድሮ ይደርቃል። በመጨረሻ ሱፉን በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ እያደረጉ ማንጨባረር ነው። ውኃ ውስጥ ሲገባ ከድንጋይ የተላቀቀ የአረንጓዴ ዝቃጭ ጓል መስሎ ይንሳፈፋል። ቆሮሶ የሚያውቀው ምግብ ይኸው ነው።

ይህ መንጠቆ አይጎተትም። ከመንጠቆው አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ የኦቾሎኒ ፍሬ የምታክል የቡሽ ተንሳፋፊ ይታሰርና ባለበት ይተዋል። የቆሮሶ አፍ ትንሽ ነው፤ ምግቡን ይመጠዋል፣ ካልጣመው ወዲያው ይተፋዋል። ተንሳፋፊው ጠልቆ እስኪጠፋ የሚጠብቅ ሰው ስለዚህ ምንም አይዝም። ተንሳፋፊው ያለ ነፋስ ወደ ጎን ፈቀቅ ካለ፣ ወይም እየሄደ ሳለ ድንገት ከቆመ፣ ያን ጊዜ በግራ እጅ ክሩን አንድ ስንዝር ሳብ ማድረግ ነው። በትሩን ወደ ሰማይ መንጨቅ ስስ ከንፈሩን ይቀደዋል።

ዳቦ ወይም ፍርፋሪ የሚጣልበት ዳር ያለው ቆሮሶ ደግሞ ሌላ ነገር ለምዷል። እዚያ ነጭ ሱፍ በ10 ቁጥር መንጠቆ ላይ ክብ ተደርጎ ተከርክሞ ውኃው ላይ ቢቀመጥ ይነሣል። ከመቶ ሜትር ወዲያ ያለው ቆሮሶ ያንኑ ነጭ ሱፍ አይቶ ይሸሻል። አንድ ሐይቅ፣ አንድ ዓሳ፣ ሁለት ጠባይ። ትናንት በቀናበት መንጠቆ ዛሬ ሌላ ቦታ ሄዶ «እምቢ አለ» የሚል ሰው ቢያንስ ይህን ያስብ።

ስለ ቆሮሶ ሳንናገር የማናልፈው ነገር አለ። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳር ሣህን የመሰለ ክብ ጎድጓዳ ይቆፍርና ይጠብቀዋል፤ በዚያን ጊዜ ወደ ጎጆው የገባውን ማናቸውንም ነገር በአፉ ይነክሳል። በዚህ ወቅት እሱን መያዝ ሙያ አይጠይቅም። እንቁላሏን ያዳበረች ሴት ደግሞ እንቁላሉንም ጫጩቶቹንም በአፏ ተሸክማ ትዞራለች፤ እስኪጠነክሩ ድረስም ምግብ አትቀምስም ማለት ይቻላል። ዳር ዳሩን መንጠቆ ሲጎተት ጎኗን ተወግታ ከወጣች በጭንቀት አፏን ትከፍታለች። ያን ጊዜ ቢጫ እንቁላሎቹ እንደ ሽምብራ ክክ እጅ ላይ ይፈሳሉ። አንዴ ከፈሰሱ የሚመልሳቸው የለም። ቆሮሶ ዓመቱን ሙሉ ቢራባም በዚህ ሐይቅ የሚበረታው ከጥር እስከ መጋቢትና በክረምቱ ወራት ነው። በእነዚህ ወራት ክቦቹ ጎድጓዳዎች በሚታዩበት ዳር በትር መዘርጋት አይገባም። ይህን የምንለው ለጨዋነት ብቻ አይደለም፤ በመረብ የሚተዳደሩት አጥማጆችም፣ እኛም የምንጠብቀው ከዚያ አፍ የሚወጣውን ጫጩት ነው።

ቢልጫ የላባ መንጠቆ ዓሳ ነው። የውኃ ነፍሳት፣ ቀንድ አውጣና ትንንሽ ዓሳ ይበላል፣ ያሳድዳልም። ጥርሱ ከንፈሩ ላይ ሳይሆን ጉሮሮው ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ክር አይቆርጥም፣ ነገር ግን ከተያዘ በኋላ በአንድ ትንፋሽ 20 ሜትር ክር ይዞ ሊሮጥ ይችላል። ክሩ የሚጠቀለልበት ማጠንጠኛ ማጥበቂያው ከመጠን በላይ ከጠበቀ ክሩ ይበጠሳል፤ ከላላ ደግሞ ማጠንጠኛው በራሱ ፍጥነት ዞሮ ክሩ ውስጥ ለውስጥ ይወሳሰባል። ልኩ ክሩን በሁለት ጣት ሲስቡት እየከበደ የሚወጣበት ነው። ለቢልጫ የሚሠራው መንጠቆ ለበዓል ዶሮ ሲታረድ ከሚጣለው ይገኛል፦ የቀይ አውራ ዶሮ የአንገት ላባ። የጫጩትና የቄብ ላባ ለስላሳ ስለሆነ ውኃ ውስጥ ይለጠፋል፤ ያረጀ አውራ ዶሮ ላባ ግን ይቆማል። 8 ወይም 10 ቁጥር መንጠቆ ላይ መጀመሪያ ከአሮጌ ሬዲዮ የወጣ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አሥር አሥራ ሁለት ዙር ይጠምጠምበት፤ ይህ ወደ ታች የሚያወርደው ክብደት ነው። በላዩ ቡናማ ሱፍ፣ አንገቱ ላይ ሁለት ዙር ላባ። አበቃ።

ቦታው ድንጋይ የበዛበት ዳርና የፊላው ጠርዝ ነው። መንጠቆው ተወርውሮ በልብ እስከ አሥር ይቆጠርና በግራ እጅ አንድ ስንዝር ሳብ፣ ቆም፣ እንደገና አንድ ስንዝር ሳብ ይደረጋል። ፊላ ከያዘ የተቆጠረው በዝቷል፤ በሚቀጥለው ውርወራ ሰባት ላይ መጀመር ነው። ጭራሽ ምንም ካልነካም ጥልቀቱ አልደረሰም ማለት ነውና ወደ አሥራ አምስት ከፍ ይደረግ። ቁጥሩን ሳይቀያይር አንድ ቦታ ላይ መቶ ጊዜ የሚወረውር ሰው መቶ ጊዜ ያጠመደው አንድ ጥልቀት ነው። ጥቁር ውኃ ወንዝ ወደ ሐይቁ የሚገባበት አካባቢ ዝናብ ሲዘንብ ቡናማው ውኃና ሐይቁ የሚገናኙበት መስመር በግልጽ ይታያል፤ ቢልጫ ያን መስመር ይወዳል። ሆኖም በክረምት ሊራባ ወደ ወንዙ አፍ ስለሚያዘነብል በዚያ ሰሞን ወንዙን ትቶ ወደ ድንጋያማው ዳር መሄድ ይሻላል። ትልልቁን ቢልጫ ወደ ቤት መውሰድንም አንመክርም፤ በሐይቁ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከቆሮሶ የበለጠ ሜርኩሪ እንደሚገኝበት አሳይተዋል።

አምባዛን በአጭሩ እንለፈው። ምግቡን በማሽተት የሚፈልግ፣ ማታና ሲመሽ የሚንቀሳቀስ ዓሳ ነው። ከጥቁር የፍየል ፀጉር የተሠራ ጣት የሚያህል መንጠቆ ወለሉን እየዳሰሰ በዝግታ ሲሳብ አልፎ አልፎ ይወስዳል፤ ከአሥር ቀን ዘጠኙን ባዶ እጅ ለመመለስ ያልተዘጋጀ ሰው ግን አይሞክረው። ትል ያለው ሰው በትል ያጥምደው። አፉ ውስጥ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክሩ ጥቃቅን ጥርሶች ስላሉ ከ0.40 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ናይለን ተፈግፍጎ ያልቃል። የጎን ክንፎቹ አጥንት መጋዝ ነው፤ ከጭንቅላቱ ጀርባ፣ ከአጥንቶቹ ኋላ ጣትን አስገብቶ መያዝ እንጂ ከፊት መጨበጥ መዳፍን ያስወጋል። ከውኃ ውጭም አየር መተንፈስ ስለሚችል ሣር ላይ ጥለውት ቢሄዱ ለሰዓታት ይሠቃያል። ወይ ወዲያው ይታረድ፣ ወይ ይለቀቅ።

ወደ ውርወራው እንመለስ። የሐዋሳ ዳር ለላባ መንጠቆ የሚያስቸግርበት ሁነኛ ምክንያት ጀርባችን ነው። ከኋላ ወይ ሾላና ዋርካ አለ፣ ወይ የአፈር ግድቡ፣ ወይ የሚመላለስ ሰው። ክሩ ወደ ኋላ የሚዘረጋበት አሥር ሜትር ባዶ ቦታ ከሌለ ከላይ የሚወረወረው ውርወራ ይቅር። በምትኩ የተወረወረውን ክር ከውኃው ሳያነሱ በዝግታ ወደ ራስ መሳብ፣ በትሩን ከትከሻ አጠገብ ቀጥ አድርጎ ማቆም፤ ክሩ ከበትሩ ጫፍ ተንጠልጥሎ ከትከሻ ኋላ እንደ ግማሽ ጨረቃ ሲረግብ ለአንድ ትንፋሽ መጠበቅ፤ ከዚያም በዓይን ትይዩ ሚስማር እንደሚመታ ሰው ወደ ፊት መምታትና ድንገት ማቆም። ክሩ ውኃው ላይ እየተጠቀለለ ሄዶ ይዘረጋል። በዚህ መንገድ አሥራ ሁለት ሜትር ይደረሳል፤ ዓሳው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ወዲህ ነው። ሠላሳ ሜትር ለመወርወር የሚታገለው ሰው ጠዋት እግሩ ሥር ከነበሩት ዓሳዎች በላይ አሻግሮ ነው የሚወረውረው።

ጀርባው ሰፊ በሆነበት ቦታ ከላይ የሚወረውር ሰው ድምፁን ያዳምጥ። በቡሄ ሰሞን ልጆች የሚያጮኹት ጅራፍ የሚጮኸው ወደ ኋላ የሄደው ጫፍ በድንገት ሲመለስ ነው። ላባ መንጠቆም እንደ ጅራፍ ጧ ካለ ክሩ ከኋላ ተዘርግቶ ሳያልቅ ወደ ፊት ተመቷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ መንጠቆው ተበጥሶ ሄዷል። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ ያለ መንጠቆ ባዶ ናይለን ሲወረውር የሚውል ሰው አለ። ጧ ካለ ወዲያው ክሩን ሰብስቦ ማየት ነው። በትሩ ከትከሻ ወደ ኋላ አልፎ ከወደቀ ደግሞ መንጠቆው የግድቡን ድንጋይ ይመታና ጫፉ ይሰበራል። ጫፉ ደህና መሆኑን ለማወቅ የአውራ ጣት ጥፍር ላይ ቀለል አድርጎ መጎተት ነው፤ ጥፍሩን ከያዘ ስለት አለው፣ ከተንሸራተተ በትንሽ ሞረድ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሳል። «ነክቶት ነበር፣ ግን አመለጠኝ» ከሚባልባቸው ምክንያቶች አንዱ የደነዘ ጫፍ ነው።

ሌላው ምክንያት ቋጠሮ ነው። ከወፍራሙ ክር ጫፍ እስከ መንጠቆው ያለው መሪ ክር የበትሩን ያህል ቢረዝም ይበቃል። ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ያላገኘ ሰው ከተለመደው ናይለን ሊሠራው ይችላል፦ ከወፍራሙ ክር ቀጥሎ 0.45 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው 120 ሳንቲ ሜትር፣ ቀጥሎ 0.35 የሆነ 60፣ ቀጥሎ 0.25 የሆነ 40፣ በመጨረሻ 0.20 የሆነ 50 ሳንቲ ሜትር። እየቀጠነ ካልሄደ ኃይሉ እስከ ጫፍ አይደርስምና መንጠቆው በክሩ ላይ ተከምሮ ይወድቃል። ሁለት ናይለን ለመቀጠል ጫፎቻቸውን አንድ ስንዝር አደራርቦ፣ ሁለቱን እንደ አንድ ይዞ ቀለበት መሥራት፤ በቀለበቱ ውስጥ ሁለቱንም ሦስት ጊዜ ማሳለፍ፤ ከመጥበቁ በፊት በምራቅ ማርጠብና አራቱንም ጫፍ እኩል መሳብ። ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ እርስ በርሱ እየተፋተገ ይግላል፣ የጋለውም ቦታ ይዳከማል። የጠነከረ የሚመስል ቋጠሮ ዓሳ ሲይዝ እንደ ደረቀ ሣር የሚበጠሰው ለዚህ ነው። ነፋስ ባለበት ቀን ደግሞ መሪ ክሩ ላይ ማንም ሳያስረው የሚፈጠር ትንሽ ቋጠሮ አለ፤ የክሩን ጥንካሬ በግማሽ ያህል ሊቀንሰው ይችላል። በየአሥር ውርወራው ጣትን ከላይ እስከ ታች ማሳለፍና ከተገኘ ቆርጦ እንደገና መቀጠል ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ ብዙ አንልም። ብዙውን ቀን ሐይቁ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ድረስ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ነፋስ ይነሣል፣ ማዕበል ይመጣል። ቁርሱን ተደላድሎ በልቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ በ5 ሰዓት የሚመጣ ሰው ከነፋሱ ጋር ይገናኛል፤ ለላባ መንጠቆ ደግሞ ፊት ለፊት የሚመጣ ነፋስ የመጨረሻው ጠላት ነው።

ወደ ውኃው መግባትን በሚመለከት ግን ጠበቅ አድርገን እንናገራለን። በሐይቁ ዳር ብልሀርዚያ የሚባለው በትል የሚመጣ በሽታ አለ። ተሸካሚው ቀንድ አውጣ የሚኖረው ሣርና ፊላ ባለበት ጥልቀት በሌለው ውኃ ነው፤ ትሉ በብዛት የሚወጣውም ፀሐይ ሲበረታ፣ እኩለ ቀን ገደማ ነው። በባዶ እግር ቆሞ ማጥመድ ይቅር፤ ረጅም የጎማ ቦት ጫማ ካልተገኘ ከዳር ይጠመድ። ሁለተኛው ጉማሬ ነው። በጥቁር ውኃ አፍና በፊላው አካባቢ ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ ጉማሬ ሊያጋጥም ይችላል፤ ያ ደግሞ እኛ የምንመርጠው ሰዓት ነው። ዓሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚባለው እዚህ ቃል በቃል ይሠራል። ጉማሬ ከሣር ወደ ውኃ በሚመላለስበት የተረገጠ መንገድ ላይ መቆም በሕይወት መፍረድ ነው። ጀልበኞቹ ዛሬ የት እንዳለ ያውቃሉና መጠየቅ ነው። መረባቸው ከተዘረጋበት መራቅም የእኛ ግዴታ ነው፤ መረቡ ውስጥ የገባ መንጠቆ ሲነቀል የሚቀደደው የሰው እንጀራ ነው።

ላባ መንጠቆን በባሌ ወንዞች የተማሩ ሰዎች ወደ ሐዋሳ ሲመጡ ለምን እንደሚቸገሩም በዚህ አጋጣሚ እናንሣ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች የተለቀቀው ትራውት የሚባል ዓሳ በዌብ፣ በዳንካና በሻያ ወንዞች አለ፤ በሻሸመኔ፣ በኮፈሌ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጎ ዲንሾ ለሚደርስ ሰው የላባ መንጠቆ ትምህርት ቤት ነው፤ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክልል ለማጥመድ ግን እዚያው ዲንሾ ካለው ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። ያ ዓሳ ነፍሳት በል ነው፤ ውኃውም ይፈሳል። አጥማጁ ከዓሳው በላይ ይወረውራል፣ ወንዙ ራሱ መንጠቆውን ወደ ዓሳው አፍ ያመጣለታል። ሐይቅ ግን አያመጣም። ዲንሾ ላይ ዝም ብሎ መጠበቅ ትክክል የሆነለት ሰው ሐዋሳ ላይ ለቢልጫ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ለቆሮሶ ደግሞ ይጎትታል። ሁለቱም የተገላቢጦሽ ነው።

ነገሩን በዕድል ላለመተው አንድ ደብተር ይበቃል። ቀን፣ ሰዓት፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ የውኃው ቀለም፣ የመንጠቆው ዓይነት፣ እስከ ስንት እንደተቆጠረ፣ የተያዘው። ያልተያዘበት ቀን ከተያዘበት እኩል ይጻፍ፤ እንዲያውም ይበልጥ የሚያስተምረው እሱ ነው። አሥር ገጽ ከሞላ በኋላ «አልቀናኝም» የተባሉት ቀናት ጎን ለጎን ሲታዩ፣ አንዱ ከ5 ሰዓት በኋላ የተጀመረ፣ ሌላው ነጭ ሱፍ ፍርፋሪ በሌለበት ዳር የተወረወረ፣ ሦስተኛው ለቢልጫ ቁጥሩ ሳይቀያየር አንድ ጥልቀት ብቻ የተጠመደበት ሆነው ይገኛሉ።

ክቡር አዘጋጅ፣ ደብዳቤያችንን ያስረዘመው ግን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ይህ ቀጥሎ ያለው ነው። በሐይቁ ዳር ሣሩ ላይ፣ ፊላው ውስጥና የዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተወሳስቦ የተጣለ ናይለን ሞልቷል። ናይለን አይበሰብስም። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ በዚያ ዳር የሚጣል የዓሳ ሆድ ዕቃ ሲለቅም እግሩ ይያዛል፤ ሲታገል ይጠብቅበታል፣ ጣቱ ያብጣል፣ ይጠቁራል። ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለውም የሚበርን ወፍ ክንፍ ይይዛል። መንጠቆ ያለበት ከሆነ ደግሞ ባዶ እግሩን የሚሮጥ ልጅ ይወጋበታል። ይህን የሚጥለው መረብ የሚዘረጋው ሰው አይደለም፤ መረብ ንብረቱ ነውና ይሰበስበዋል። የሚጥለው በበትር የሚዝናናው፣ ማለትም እኛን የመሰለው ሰው ነው። ስለዚህ በትር የያዘ ሁሉ ኪሱ ውስጥ አንድ ክዳን ያለው ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይያዝ። የተቆረጠው ናይለን ሁሉ፣ የጣት ጥፍር የምታክለውም ሳትቀር፣ እዚያ ይግባ። ቅርንጫፍ ላይ የተያዘ ክር በጉልበት ተስቦ አይበጠስ፤ ሲበጠስ ግማሹ እዚያው ይቀራል። ቅርንጫፉ ዝቅ ተደርጎ ይፈታ። ቤት ሲደረስ ናይለኑ ከስንዝር ባጠረ ቁራጭ በመቀስ ተቆራርጦ ከቆሻሻ ጋር ይጣል፤ አጭር ቁራጭ እግር አያስርም።

የመንጠቆው ወደ ኋላ የዞረች ሹል ምላስም በፒንሳ ጫፍ ተጨፍልቃ ትተኛ። ክሩ ሳይላላ ከተያዘ ዓሳ በዚህ ምክንያት አያመልጥም፤ ሲለቀቅ ግን መንጠቆው ከንፈሩን ሳይቀድ ይወጣል። የሚለቀቅ ዓሳ በደረቅ እጅ አይያዝ፣ ቆዳውን የሚጠብቀው ልሃጭ ይገፈፋልና። እጅን አርጥቦ፣ ፊቱን ወደ ውኃው አድርጎ፣ በራሱ ጊዜ ከመዳፍ ላይ እስኪሄድ መያዝ ነው። ከማጥመዱም በፊት በከተማው ያለውን የዓሳ ሀብት ባለሙያ ስለ ፈቃድ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የዓሳ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቶ ዓሳ ማጥመድ በሕግ የሚመራ ሥራ ሆኗል፣ ክልሎችም የየራሳቸው ደንብ አላቸው።

ጋዜጣችሁ የሐይቁን ነገር በሚቀጥለው ጊዜ ሲያነሣ፣ ከሾርባው ጎን ለጎን ስለ ጠርሙሱና ስለ ናይለኑ ሁለት መስመር ቢጽፍልን እናመሰግናለን። ከጥር ወር በፊት ቢሆን ደግሞ የጎጆውን ነገር ጨምሩበት።

ከአክብሮት ጋር፣
በበትር የሚያጠምዱ የሐዋሳ ነዋሪዎች